ሻምበል ከፈቀዱ

ሐረር ውስጥ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ስለ አመክንዮ የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ተማሪዎቼ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጠው የሚጠሉት እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ አብልጬ የምወደው እሱኑ። "እንዲህ ከሆነ እንዲያ ይሆናል" የሚሉ ዐረፍተ ነገሮችን ይዘን እናገላብጣቸዋለን። መገልበጥ ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ፈለጉ አይገለበጥም። ይህችን "እንደ ፈለጉ አይገለበጥም" የምትል ነገር ለማስረዳት ስንት ጠመኔ እንደ ጨረስኩ፣ ስንቴ ድምፄ እንደ ተዘጋ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ሁሉ ወጥቼ አስተምሬያለሁ። በዚህ ጉዳይ ሐረር ውስጥ የሚስተካከለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ታዲያ በዚህ ኩራቴ መሐል እያለሁ፣ ትዳርን የሚያህል ነገር በዚሁ በማስተምረው ትምህርት ተበላሸብኝ።

መጽሐፉ የሚሰጠው ምሳሌ ስለ ዝናብና ስለ እርጥብ መሬት ነው። እኔ ግን ምሳሌ የማመጣው ከሰፈሬ ነው። ፈላና በር አካባቢ፣ ከእናቴ ቤት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አለ። ሰሌዳው ላይ "ጾም ከሆነ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል" ብዬ እጽፍና ወደ ተማሪዎቹ እዞራለሁ።

"ሥጋ ቤቱን ተዘግቶ አገኛችሁት። ጾም ነው ማለት ነው?"

"አዎ!" ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"አይደለም! ባለቤቱ ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ይሆናል። እሺ፣ ጾም ካልሆነስ? የግድ ክፍት ነው?"

"አዎ!"

"አሁንም አይደለም! ጾም ሳይሆንም ሊዘጋ ይችላል፤ ሰውየው አሞት ቢተኛስ?"

ከዚህ በኋላ ነው ደስ የምትለኝ ጥያቄ የምትመጣው። ሥጋ ቤቱን ክፍት ሆኖ ብታገኙትስ? ጾም ቢሆን ኖሮ ይዘጋ ነበር፤ አልተዘጋም፤ እንግዲያው ጾም አይደለም። ሁለቱን ጫፎች ቦታ ማለዋወጥና ሁለቱንም መካድ ነው። ኮንትራፖዚቲቭ የሚባለው ይኸው ነው። መጀመሪያ የተባለው እውነት ከሆነ ይሄም እውነት ነው፤ ከግልበጣዎቹ ሁሉ መሐል በዚህ ብቻ ነው መተማመን የሚቻለው። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ስጨርስ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ወላሂ የኛ ሥጋ ቤት እኮ በናንተ ጾምም ክፍት ነው!"

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። "ለዚህ ነዋ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ያልኩት" አልኩና የራሴን ቃል ሰሌዳው ላይ ባየው የለም፤ ስጽፍ ዘልዬዋለሁ። አብሬያቸው ሳቅኩ። ከግድግዳው ማዶም የሚሳቅ መሰለኝ።

ከግድግዳው ማዶ እሷ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔ ስለ ሥጋ ቤት ስጮህ እሷ ትሰማለች፣ እሷ ስለ አንጀት ስታስረዳ እኔ እሰማለሁ። እወዳት ነበር። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም፤ በጣም ነበር የምወዳት። በዕረፍት ሰዓት ሳምቡሳዋን ቆማ እየበላች፣ ከጥበቃው ጋር እየቀለደች፣ የተማሪ ወረቀት በብብቷ ይዛ ሳያት ቀኑ ሙሉ ደህና ሆኖ ይውልልኛል። ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር መሰለኝ። እኔ ደግሞ ማንም እንደማያውቅ እርግጠኛ ነበርኩ።

አባቷ በወጣትነታቸው ከጎንደር ወደ ሐረር ተመድበው የመጡ ወታደር ናቸው። እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ ከሠራዊቱ ሲወጡም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ሐኪም ጋራ ሥር ቤት ሠርተው ቀሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሰው ሁሉ ሻምበል ነው የሚላቸው። ልጃቸው አብራቸው ትኖራለች፤ እሳቸው ሳይመርቋት ወደ ሥራ አትወጣም ይባላል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አብረን ወጣን። ሐረር በር ድረስ በእግራችን ስንሄድ የምናገረውን ሁሉ በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር። እወድሻለሁ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ። ምን ያህል ቀላል ነገር እንደሆነ አያችሁ? ሐረር በር ስንደርስ ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነበር፦

"ለመሆኑ አንድ ሰው ሽማግሌ ቢልክ አባትሽ ምን ይላሉ?"

"አንድ ሰው ማን?"

"ማንም። ለምሳሌ ያህል ነው።"

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና አየችኝ። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ "እኔ አባዬ ካልፈቀደ ማንንም አላገባም" አለች። ባጃጅ መጣ፤ ገብታ ሄደች።

እኔ ወደ ቤቴ በጀጎል ውስጥ አቋርጬ ሄድኩ። አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ፣ ሐረር በርን እንዳለፍኩ ነገሩን በትክክል ማሰቤ ነው። አባቷ ካልፈቀዱ አታገባም፤ ስለዚህ አግብታ ከተገኘች አባቷ ፈቅደዋል ማለት ነው። ንጹሕ ኮንትራፖዚቲቭ ነው፤ ለተማሪ ሙሉ ነጥብ የምሰጥበት። ፈረስ መጋላ ስደርስ ግን ልቤ በደስታ መሮጥ ጀመረ። በየጠባቡ መንገድ ስታጠፍ ዐረፍተ ነገሩም አብሮኝ ታጠፈ፤ ፈላና በር ስደርስ በአፌ ላይ የነበረው "አባቷ ከፈቀዱ ታገባኛለች" የሚል ነበር። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለባለቤቱ በሙሉ ጥርሴ ሰላምታ ሰጠሁት። ሰውየው ሥጋ የምገዛ መስሎት ቢላዋውን አነሣ።

ሥራዬ እንግዲህ ሻምበልን ማስፈቀድ ሆነ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀደስኩበትን አጥቢያ ትቼ እሳቸው ከሚያስቀድሱበት መቆም ጀመርኩ። እናቴ ምን እንደ ነካኝ ብትጠይቀኝ "ቅዳሴው ያምራል" አልኳት። ከቅዳሴ በኋላ ዝቅ ብዬ ሰላም ስላቸው "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አያቴን በስም ያውቋቸው ኖሯል። "ከልጅዎ ጋር ነው የማስተምረው" ስላቸው "እንግዲያ ቤት ና፣ ዳማ ትችላለህ?" አሉ።

እችላለሁ አልኩ። ዕቅዴ ሆን ብዬ እየተሸነፍኩ ደስ ማሰኘት ነበር። ዕቅዱ ምንም አላስፈለገም። በቆርኪ ነው የሚጫወቱት፤ ቆርኪዎቼን እንደ ቆሎ ለቀሟቸው። በሙሉ ልቤ ታግዬም ተሸነፍኩ። "ሒሳብ ነው የምታስተምረው ያልከኝ?" ብለው እንደ ገና ይጠይቁኛል። ጎዴ በረሃ ላይ የተበላሸችባቸውን መኪና ታሪክ በየሳምንቱ ሰማሁ፤ ሁልጊዜም አዲስ እንደ ሰማ ሰው "ከዚያስ እንዴት ሆናችሁ?" አልኩ።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ንባቸው ነው። ከጓሮ፣ ከዘይቱኑና ከጊሽጣው ሥር ቀፎዎች ደርድረዋል። ማር ሲቆርጡ ጭስ የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ንብ እፈራለሁ። ይህንን ግን ለሻምበል መንገር አመልካች በገዛ አፉ ራሱን ከውድድር እንደ ማስወጣት ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንዷ ከዓይኔ ሥር ነደፈችኝ። በማግሥቱ አንድ ዓይኔ ተከድኖ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ ማን ነው የመታህ? ንገረንና እናሳየው አቦ!" አሉኝ። እሷ መምህራን ክፍል ስታየኝ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ መሀረቧን በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ሰጠችኝ። መሀረቡን ዓይኔ ላይ ይዤ፣ ነገሩ በደንብ እየሄደ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያን ሰሞን ከእሷ ጋር የማወራው ከበፊቱ ይልቅ አንሶ እንደ ነበር ልብ ያልኩት በኋላ ነው። ቤታቸው ስመጣ ሻይ ታቀርብልንና ወረቀት ልታርም ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔ ከአባቷ ጋር ቆርኪዬን እገፋለሁ። አንዳንድ ጊዜ በሩ ላይ ቆም ብላ ሁለታችንን ታየናለች። እኔም ቀና ብዬ ፈገግ እላለሁና ወደ ጨዋታዬ እመለሳለሁ፤ ሻምበል ሁለት ቆርኪ ሊበሉብኝ ሲሉ ዓይን ከሰሌዳው አይነሣም።

ጊዜው ደረሰ ብዬ ባመንኩ ጊዜ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ልጅቷስ?" ብላ ነው።

"እሷማ ተናግራለች" አልኩ። "አባዬ ከፈቀደ ብላለች።"

እንዲህ አላለችም። እኔ ግን ያኔ ብታስምሉኝ እምል ነበር፤ ቃል በቃል እንዲህ ያለችኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሽማግሌዎቹን እሷው መረጠች፤ የንስሐ አባታችንን፣ አጎቴን፣ ከእኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑትን ሐጂን። ሐጂ የሌሉበት ሽምግልና በሰፈራችን አይታወቅም፤ ክርስቲያን ለክርስቲያን ሲላክም ይሄዳሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። ወጉ ይታወቃል። ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ የሴቷ ቤተሰብ ደግሞ ምንም ቢፈልግ በመጀመሪያው ቀን አይፈቅድም፤ "ተማክረን እንንገራችሁ" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሽማግሌ ይመላለሳል። እኔ እናቴ ቤት ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ፣ አልቆዩም፤ እየሳቁ ተመለሱ። አጎቴ ስሜን ገና ከመጥራቱ ሻምበል "ማን? ንቦቼን የሚያጨስልኝን? ተቀመጡ እንጂ! ቀጠሮ ምን ያደርጋል!" ብለው እዚያው ፈቅደዋል። ማር በሳህን አቅርበው አብልተዋቸዋል።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ ጫማቸውን እያዩ። "በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሽምግልና አላየሁም። የጫማዬን ሶል እንኳ አላስበላኝም።"

እሷ የዚያን ዕለት ለክርስትና ተጠርታ ድሬዳዋ ነበረች። ሰኞ ጠዋት፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ አገኘኋት። ለተማሪ የሚሆን የሽንኩርት ልጣጭ በመስታወት ላይ ታነጥፋለች።

"ሽማግሌ ልከሃል አሉ" አለች ቀና ሳትል።

"አዎ። ሻምበል ፈቀዱ!"

"ሰምቻለሁ። እና?"

"እናማ… አንቺ ብለሽ የለም እንዴ? አባዬ ከፈቀደ…"

"ካልፈቀደ አላገባም ነው ያልኩት።"

"እኮ!"

"እኮ ምን?" አሁን ቀና አለች። "ካልፈቀደ አላገባም አልኩ እንጂ የፈቀደውን ሁሉ አገባለሁ መቼ አልኩ? አባዬ እኮ ስንቱን ሰው ይወዳል። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬም ይወደዋል፤ እሱን ላግባ?"

በዚያች ቅጽበት ሰሌዳዬ፣ ጠመኔዬ፣ ወንበር ላይ የወጣሁባት ቀን፣ ሁሉም በፊቴ አለፉ።

"በየዓመቱ ስለዚያ ሥጋ ቤት ስትጮህ እሰማለሁ" አለች። "ጾም ካልሆነ የግድ ክፍት ነው ብሎ የጻፈውን ልጅ ባለፈው ሳምንት ዜሮ ሰጥተኸዋል። ለኔ ሲሆን ሥራ አይሠራም እንዴ ትምህርትህ?"

አሁን ቢሆን ትንሽ የምለው አላጣም ነበር። ሰው በደህናው ጊዜ እንዲህ ነው የሚነጋገረው። እናት ልጇን "እጅህን ካልታጠብክ አትበላም" ስትለው ታጥቦ የመጣውን ልጅ "ትበላለህ መቼ አልኩ" አትለውም። ከተማው ሁሉ አንዱን ብሎ ሁለቱን ይሰማል፤ በዚሁም ተግባብቶ ይኖራል። እንዲህ ብዬ ከተማውን ልከስስ እችል ነበር። ችግሩ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ አንዱን ሰምቶ ሁለተኛውን እንዳይጨምር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው እኔ መሆኔ ነው።

"ሌላው ሁሉ ይቅር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"ያን ቀን ሐረር በር ላይ…"

"ያን ቀን የጠየቅከኝ አባቴ ምን እንደሚል ነው። እሱን መለስኩልህ።"

ደወሉ ተደወለ። ተማሪዎች በሩ ላይ መጋፋት ጀመሩ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ፤ ደግሞም ጊዜው ያ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ታዲያ ለሻምበል ምን ልበላቸው?"

ትንሽ አየችኝ። የሳቀችብኝ መሰለኝ፤ ግን ሳቅ አልነበረም። "አየህ፣ አሁንም የምትጠይቀኝ ስለ አባቴ ነው" አለችና ለተማሪዎቹ በሩን ከፈተችላቸው።

ያን ዕለት ሊመሽ ሲል ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ሻምበል በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ፊታቸው ጠቁሯል።

"እኔ ቃሌን ለሽማግሌ ሰጥቻለሁ" አሉ። "በቄስ ፊት፣ በሐጂ ፊት። ቃሌን አላጥፍም። ታገባሃለች፤ አለቀ።"

ደስ አለኝ። ይህን ብደብቅ ዋሸሁ ማለት ነው፤ ለአንድ አፍታ ያህል ደስ አለኝ። እሳቸው ካሏት እምቢ እንደማትል አውቃለሁ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። የትምህርት ቤት ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። አባቷን አይደለም የምታየው፤ እኔን ነው፤ ምን እንደምል ትጠብቃለች። እንዲያ ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር፤ የፈራችው ደግሞ እኔን ነው።

"ሻምበል" አልኩ፣ "ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን የምተወውም እኔ ነኝ። እርስዎ ቃልዎን አላጠፉም።"

"ምን ሆነህ?"

"ነገር ተገልብጦብኝ ነው።" ላስረዳቸው ሞከርኩ። ካልፈቀዱ አላገባም ማለትና ከፈቀዱ አገባለሁ ማለት ልዩነት እንዳለው፣ የመጀመሪያው ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን፣ ቆርኪዎቹን ወዲህና ወዲያ እየገፋሁ ብዙ ተናገርኩ። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ እንኳ ማስተማር መጀመሬ ይገርመኛል። ሻምበል እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝ።

"እና ንቦቹንስ ማን ያጨስልኛል?" አሉኝ።

"እመጣለሁ" አልኩ።

መጣሁም። ሚስት ፍለጋ ሄጄ አማት ብቻ ይዤ ተመለስኩ ማለት ነው። ሐጂ "ኸይር ነው" አሉኝ፤ እናቴ ለረጅም ጊዜ አኮረፈችኝ። እሷ ግን ከእኔ ጋር ከበፊቱ ይልቅ ተቀራረበች። ዕረፍት ላይ ሳምቡሳዋን እያካፈለችኝ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን። ተስፋዬም አልሞተም። እንደ ሰው፣ በደንብ፣ እሷኑ እጠይቃታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ፈተና ይለቅ አልኩ። ፈተናው ሲያልቅ ፋሲካ ይለፍ አልኩ። ከፋሲካ በኋላ ክረምት መጣ፤ በዝናብ እንዴት ይጠየቃል? ሁልጊዜ አንድ "ከሆነ" አላጣም ነበር፤ እንዲህ ከሆነ እጠይቃታለሁ፣ እንዲያ ካለፈ እጠይቃታለሁ።

አዲሱ ዓመት እንደ ገባ አንድ ቀን ዳማ ስንጫወት ሻምበል ቆርኪያቸውን ይዘው ቆዩ።

"እሑድ ሽማግሌ ይመጣል" አሉኝ። "ድሬ ጠያራ ወረዳ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው አሉ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ወንድም የለኝ፣ ዘመዶቼ ጎንደር ናቸው። በእኔ በኩል ሆኖ የሚቀበል ሰው ያስፈልገኛል። አንተ የቤት ሰው ነህ።"

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ምን ብዬ እምቢ እንደምል ግን አላወቅኩም፤ "እሺ ሻምበል" አልኩ። ቀጥዬ የገፋሁት ቆርኪ ተበላብኝ።

እሑድ ያንኑ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ከሻምበል ግራ ተቀመጥኩ፤ በቀኛቸው ሁለት የሠራዊት ጓደኞቻቸው ነበሩ። የሰውየው ሽማግሌዎች ገቡ። ቆመው፣ ወጉን ጠብቀው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን አሉ። ሻምበል በዚህኛው ጊዜ አልቸኮሉም። ወደ እኛ ዞረው ምን ትላላችሁ አሉ፤ ወጉ ከታናሽ ስለሚጀምር ተራው የኔ ነበር።

ቀጠሮ ይሰጣቸው ልል አሰብኩ። ደጋግሞ ቀጠሮ መስጠት የሴት ወገን መብት ነው፤ እስከ ክረምት ልናመላልሳቸው እንችላለን፤ በመሐሉ እኔ እጠይቃታለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ በረንዳው ላይ ፈርታ ያየችኝ ትዝ አለኝ።

"ልጅቷ ትጠየቅ" አልኩ።

"እሱ በኋላ ቤት ውስጥ ይጠየቃል" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"አሁን ትጠየቅ" አልኩ።

ሻምበል ጠሯት። ከጓዳ ወጣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ መሐል ላይ ቆመች። ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጄ፣ እነዚህ አባቶች ስለ አንድ ልጅ መጥተዋል፤ ታውቂዋለሽ። ትፈልጊዋለሽ ወይ?" አሏት።

አባዬ ከፈቀደ ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከእሷ የማውቀው ዐረፍተ ነገር እሱን ብቻ ነው።

"አዎ" አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከፊቱም ከኋላውም "ከሆነ" የሚል አልነበረውም። ወደ አባቷም ወደ እኔም አላየችም፤ ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት እንዲህ አድርጋ እንደምትመልስ አላውቅም ነበር። በምን ላውቅ? ጠይቄያት አላውቅማ።

ሻምበል ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ኖሮ ድምፃቸው አልወጣ ስላላቸው በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። "አንተ ንገራቸው" አሉ በሹክሹክታ።

ተነሣሁ። እጄን ወደ ወንበሮቹ ዘርግቼ "ፈቅደናል፣ ተቀመጡ" አልኳቸው።